ጊንጥ ሲነድፍ ቁስሉን ሳይሆን የተነደፈውን ሰው እዩ

ባለፈው እትም ስለ እባብ መርዝ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ግን አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ጊንጥ ነው። ለሥራ ወደ በረሃ የሚሄዱ ሰዎች፣ በረሃ ዳር ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች፣ መኝታ ቤታቸው ውስጥ አንድ ጊንጥ ገድለው እንቅልፍ ያጡ አንባቢያን ጽፈውልኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ አስቸኳዩን አስቀድሜ ልመልስ።

እኔ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ብዙውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሞቃትና ደረቅ አካባቢ ባለ የድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። መልሴ ወደ ልጆች ካደላ አትፍረዱብኝ። ጊንጥ ከሚገድላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ልጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የሦስት ዓመት ልጄን ማታ ጊንጥ እግሯን ነደፋት። ቦታው ላይ ከትንሽ ቀይ ነጥብ በቀር ምንም አልነበረም፤ አላበጠም። ጎረቤቶቼ «ካላበጠ ምንም አይላትም» ስላሉኝ እስኪነጋ ጠበቅኩ። አሁን ደህና ናት። ግን ልክ ነው ያደረግኩት? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ደህና በመሆኗ ተመስገን። ጥያቄሽን ግን በግልጽ ልመልስልሽ፤ መጠበቁ ልክ አልነበረም። ጎረቤቶችሽ ክፉ አስበው አይደለም። እባብን አስበው ነው። ብዙ እባብ የነደፈው ቦታ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ይቆስላል። ሰውም መርዝ ሲባል ዓይኑ የሚሄደው ወደ ቁስሉ ነው።

የአብዛኞቹ አደገኛ ጊንጦች መርዝ ሥራው ሌላ ቦታ ነው። የሚያጠቃው ነርቭን ነው። ነርቮቻችን መልእክት የሚያስተላልፉት ሶዲየም የሚያስገቡ በጣም ጥቃቅን በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ ነው። መርዙ እነዚህ በሮች በጊዜው እንዳይዘጉ ይይዛቸዋል። ያኔ ነርቩ ያለማቋረጥ መልእክት ይልካል። ላብ፣ ምራቅ፣ የልብ ምት፣ የጡንቻ እንቅስቃሴ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታዘዛል። ሰውነት አድሬናሊንና መሰሎቹን በብዛት ይለቃል። ልብ ከአቅሙ በላይ ይሠራል፣ ከዚያ ይደክማል፣ ሳንባ ውኃ ይቋጥራል። ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። እግር ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ይህ ሁሉ ሲሆን እንዳለች ልትቆይ ትችላለች።

አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። አባቷ አቅፏት ገባና አልጋው ላይ እንዳስቀመጣት በስልኩ መብራት የእግሯን ጣት ያሳየኝ ጀመር። «እዚህ ጋ ነው፣ ዶክተር፣ አይ እዚህ ጋ» እያለ የተነደፈችበትን ነጥብ ይፈልጋል። እኔ የማየው ሌላ ነው። የሌሊት ልብሷ በላብ ርሷል። ምራቋ በአገጯ ይወርዳል፣ መዋጥ አልቻለችም። ዓይኖቿ አንድ ቦታ ማረፍ አቅቷቸው ወዲያ ወዲህ ይዋልላሉ። አፏን ከፍቼ ሳይ ምላሷ ላይ ጥቃቅን ጡንቻዎች ይርገበገባሉ። እግሯ ላይ ግን ምንም አልነበረም። ልጅቷ ታክማ ድናለች። አባትየው በጊዜ አምጥቷት ነበር።

ስለዚህ የምታዪው ይህንን ነው። ልጁ ያልባል? ያስመልሰዋል? ምራቁ ይዝረበረባል? ዓይኑ ይዋልላል? እጅና እግሩ ሳያዝዘው ይንቀጠቀጣል? ያለማቋረጥ ያለቅሳል፣ ወይም በተቃራኒው ፈዝዞ ዝም ብሏል? አተነፋፈሱ ፈጥኗል? ወንድ ልጅ ከሆነ ብልቱ ያለምክንያት ሊቆም ይችላል፤ ወላጆች ይህን ለመናገር ስለሚያፍሩ ነው የጻፍኩት። ለእኛ ትልቅ ምልክት ነው። ሳል ከያዘውና ሮዝ አረፋ ከወጣው ሳንባው ውኃ ቋጥሯል ማለት ነው።

እነዚህ ምልክቶች አንዳንዴ በደቂቃዎች፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ይታያሉ። አደገኛ ጊንጥ ባለበት አካባቢ የተነደፈ ትንሽ ልጅ ምልክት እስኪያሳይ ቤት አይጠበቅም። ወዲያው ጤና ተቋም ይወሰዳል፤ የሚጠበቀው እዚያ ነው። ምንም ሳይሆን ከቀረ ጥቂት ሰዓት ተኝቶ ይመለሳል። ጊንጥ ልጅ ስለሆነ ብሎ መርዙን አይቀንስለትም። ለአዋቂ የሚሰጠው ያው መጠን አሥራ ሁለት ኪሎ በምትመዝን ልጅ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኛ ስናድግ ጊንጥ የነደፈው ሰው ከበላዩ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር ነበር። በምላጭ ተበጥቶ ደሙ ይፈስ ነበር። ይኸው ሳንሞት አርጅተናል። አሁን ወጣቶቹ «አትንኩት» ይሉናል። እውነቱ የቱ ነው? (አንድ አዛውንት)

መልስ፦ አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ጥያቄዎ ትልቅ ጥያቄ ነው። ጊንጥ ከሚነድፋቸው አዋቂዎች በጣም የሚበዙት ምንም ባይደረግላቸውም ይድናሉ። አንድ ሌሊት ያማቸዋል፣ ይደነዝዛቸዋል፣ ይለቃቸዋል። ምላጩ ምስጋናውን የወሰደው በዚህ ምክንያት ነው። ሰውየው ሊድን ነበር፤ ምላጩ ቁስል ጨመረበት እንጂ አላዳነውም።

መርዙ ከቆዳ ስር ገብቶ በፍጥነት ይሰራጫል። በጥተው ቢያፈሱት፣ በአፍ ቢመጡት ተመልሶ አይወጣም። የሚገባው ግን ጀርም ነው፤ ቴታነስም ሊገባ ይችላል። ጥብቅ ማሰሪያ ደግሞ ደም ይዘጋል። በጥብቅ ታስረው ጣታቸው ጠቁሮ የመጡ ልጆች አይቻለሁ። ከጊንጡ ይልቅ ገመዱ ጎድቷቸው ነበር። በእሳት መተኮስ፣ ነዳጅ መቀባት፣ አልኮል ማጠጣት፣ እግርን በረዶ ውስጥ ዘፍዝፎ መተው፣ ሁሉም ይቅር። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የሚባክነው ጊዜ ነው።

እርስዎ ቤት ሆነው ሊያደርጉ የሚችሉት ይህ ነው። የተነደፈውን ሰው ያረጋጉት፤ ድንጋጤ ልብን የበለጠ ያስመታል። ቦታውን በውኃና በሳሙና ይጠቡ። ቀለበት፣ አምባር፣ ጠባብ ጫማ ካለ ያውልቁ። በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለአሥር ደቂቃ ያህል ያስይዙት፣ ያንሱት፣ እንደገና ያስይዙት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በዕድሜው ልክ ይበቃል። የእንቅልፍ መድኃኒት ወይም ጠንካራ ማስታገሻ ከራስዎ አይስጡ፤ ትንፋሽ ያዳክማሉ። ምራቅ የሚያዝረበርብ ወይም የሚያስመልሰው ከሆነ ምንም አያጠጡት፣ በጎኑ ያስተኙት። ከዚያ መኪና ይፈለግ።

እርስዎ ቤተሰብዎ የሚሰማዎት ሰው እንደሆኑ ከደብዳቤዎ ይታያል። እርስዎ «አትብጡት፣ ውሰዱት» ካሉ እኔ ከምናገረው ይልቅ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ለግንባታ ሥራ በረሃ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ልቀመጥ ነው። ሁሉም ጊንጥ ገዳይ ነው? መርዘኛውን እንዴት ልለየው? (ሠራተኛ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁሉም ጊንጥ መርዝ አለው፤ ሁሉም ግን ሰው አይገድልም። እስካሁን ከ2,500 በላይ የጊንጥ ዝርያዎች ታውቀዋል። ሰውን ለሞት የሚያደርስ መርዝ ያላቸው ወደ 30 ገደማ ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው ብለህ ግን አትዘናጋ፤ ብዙዎቹ የሚኖሩት በትክክል አንተ በምትሄድበት ዓይነት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት በዓመት ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በጊንጥ እንደሚነደፉና ከ3,000 በላይ እንደሚሞቱ ይናገራል። አልጄሪያ ብቻ በዓመት ወደ 50 ሺህ ንድፊያ ትመዘግባለች።

ከሰሜን አፍሪካ እስከ መካከለኛው ምሥራቅ በረሃዎች የምታገኘው አንዱ ሌዩረስ የሚባለው ነው። ቢጫ ነው፣ አሸዋ ላይ አይለይም። መቆንጠጫዎቹ ቀጫጭን፣ ጅራቱም ረዘም ያለ ነው። ከመንደፊያው በፊት ያለችው የመጨረሻዋ የጅራት አንጓ ብዙ ጊዜ ጠቆር ትላለች። ፈጣን ነው፤ ሲነኩት ቆሞ አይጠብቅም። በዚያው አካባቢ አንድሮክቶነስ የሚባሉት አሉ። እነዚህ ጅራታቸው ወፍራም ነው፣ የሰው ትንሽ ጣት ያህል የሚወፍርባቸው አሉ። በሰሜን አፍሪካ ብዙ ሰው የሚገድሉት እነሱ ናቸው።

በደቡባዊ አፍሪካ ደረቅ ምድር ፓራቡተስ አለ። እሱም ወፍራም ጅራት ነው። ከመካከላቸው መርዙን ወደ አየር የሚረጩ አሉ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውኃ መታጠብ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ይህ ጊንጥ መጀመሪያ ሲነድፍ የሚያወጣው እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ነው፣ ፖታሲየም የበዛበት፣ በጣም የሚያቃጥል። ጠላቱ ካልሸሸ ነው ወተት የመሰለውንና ውዱን መርዝ የሚያወጣው። መርዝ ለመሥራት ብዙ ጉልበት ስለሚፈጅበት ይቆጥበዋል። የመጀመሪያው ንድፊያ ቀላል ስለነበረ ደግመህ በእጅህ አትነካካው የምልህ ለዚህ ነው።

በአሜሪካ አሪዞናና በሰሜን ሜክሲኮ ሴንትሩሮይደስ የሚባል ትንሽ፣ ቀጭን፣ ገለባ መልክ ያለው ጊንጥ አለ። ግድግዳና ዛፍ ይወጣል። ድንጋይና እንጨት ስር ተገልብጦ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። ሰው ዕቃውን ከስር ሲይዘው ጣቱን ይነደፋል። በእሱ የተነደፈ ሰው ብዙ ጊዜ ቦታውን ጣት ብታስነካው ይዘላል። ሐኪሞች እንደ ምርመራ የሚጠቀሙበት ምልክት ነው።

በጥቅሉ ሰዎች የሚነግሩህ ደንብ «መቆንጠጫው ትልቅ ከሆነ መርዙ ቀላል ነው፣ መቆንጠጫው ቀጭን ጅራቱ ወፍራም ከሆነ ራቅ» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ይሠራል። ምክንያቱም ትልቅ መቆንጠጫ ያለው ጊንጥ አደኑን ጨፍልቆ ይይዛል፤ ቀጭኑ ግን በመርዙ ነው የሚያድነው። ሆኖም ደንቡን ሙሉ በሙሉ አትመነው። በደቡብ ምዕራብ ኢራንና በኢራቅ ያለው ሄሚስኮርፒየስ ይህን ደንብ ያፈርሳል። መቆንጠጫው ጠንከር ያለ፣ ጅራቱ ቀጭን ነው። ይባስ ብሎ ሲነድፍ ብዙም አያምም። ሰው ቸል ብሎት ይተኛል። ከዚያ ቁስሉ ይጠቁራል፣ ቀይ የደም ሴሎች ይፈርሳሉ፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ኩላሊት ይጎዳል። እዚያ አካባቢ ከሄድክ «አላመመኝም» ማለት ደህና ነኝ ማለት አይደለም፤ ቁስሉም ሽንትህም በየቀኑ ይታይ።

ጥያቄ፦ ጥቁሩ ነው የሚብሰው ወይስ ቢጫው?

መልስ፦ ቀለም ምንም አይነግርህም። ሌዩረስ ቢጫ ነው። ከአንድሮክቶነሶቹ መካከል ደግሞ ጥቁርም ቢጫም አለ፤ ሁለቱም ይገድላሉ። ከአፍሪካ ዝናባማ ደን የሚመጣው ግዙፉ ጥቁር ጊንጥ ግን አስፈሪ መልክ ይዞ መርዙ ለጤነኛ አዋቂ ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ በረሃ ውስጥ ድንኳን ውስጥ ነው የምንተኛው። እንዴት እንጠበቅ? መርጫ መድኃኒት እንግዛ? (የካምፕ ሠራተኞች)

መልስ፦ ገንዘባችሁን ለመርጫ አታውጡ። ጊንጥ ለብዙ ፀረ ተባይ ጠንካራ ነው። ምግቡን፣ ማለትም በረሮና ፌንጣን፣ ብታጠፉበት ይሻላል። በምግብ እጥረትም ቶሎ አይሞትም፤ አንዳንድ ዝርያዎች ሳይበሉ እስከ ዓመት ድረስ ይቆያሉ። የሰውነታቸው ሥራ በጣም ዝግ ያለ ነው።

ገንዘብ ካላችሁ የአልትራቫዮሌት፣ ማለትም ዓይናችን የማያየውን ዓይነት ብርሃን የሚሰጥ፣ ባትሪ ግዙ። ጊንጥ በዚህ ብርሃን ስር አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ቆዳው ውስጥ ባሉ ንጥረ ነገሮች የተነሳ ነው። ከ365 እስከ 395 ናኖሜትር የሚል የተጻፈበት ባትሪ ይበቃል። የመጀመሪያ ቀን ማታ ካምፓችሁን ዞራችሁ ስታበሩ ትደነግጣላችሁ። ቀን ምንም የማይታይበት የድንጋይ ክምር ላይ አረንጓዴ ቅርጽ እዚህም እዚያም ይወጣል። ጅራቱ፣ እግሮቹ፣ መቆንጠጫው ሳይቀር ይለያል። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ሌሊት ከመውጣታችሁ በፊት አብሩ። ቆዳውን ገና የቀየረ ጊንጥ ግን ለጊዜው አያበራም፤ ስለዚህ ባትሪው ጫማን አይተካም።

ጫማ ያልኩት በምክንያት ነው። ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ በባዶ እግር መነሳት ብዙ ሰው የሚነደፍበት ሰዓት ነው። ጫማችሁን ጠዋት ሳታራግፉ አታድርጉ። ሱሪ፣ ጓንት፣ ፎጣ፣ ብርድ ልብስ፣ ወለል ላይ ያደረ ነገር ሁሉ ይራገፍ። ጊንጥ ጠባብና ጨለማ ቦታ ይወዳል፤ ጀርባውም ሆዱም የሆነ ነገር ሲነካው ነው የሚረጋጋው። ጫማ ውስጥ የሚገባው እናንተን ፈልጎ አይደለም።

አልጋውን ከግድግዳና ከድንኳን ጨርቅ አርቁት። አንሶላና ብርድ ልብስ መሬት አይንካ። የአልጋውን እግሮች ለስላሳ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ብታቆሙ አብዛኞቹ ጊንጦች ንጹሕ ብርጭቆ መውጣት አይችሉም። ማሰሮው በአቧራ ከተሸፈነ ግን ዋጋ የለውም፤ ጠራርጉት። አጎበር ካለ ጫፉን ፍራሽ ስር ክተቱ። ለተንቀሳቃሽ አልጋ ቦታ የሌላችሁ ቢያንስ ታችኛው ጨርቅ ዙሪያውን የተሰፋ ድንኳን ተጠቀሙ።

ድንጋይ፣ ጣውላ፣ ቆርቆሮ ስታነሱ ወፍራም ጓንት አድርጉ፤ ከስር በጣት አትያዙ። መጀመሪያ በዶማ ወይም በብረት ወደ ራሳችሁ አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ውጭ ገልብጡት። የግንባታ ቁሳቁስ ከመኝታ ራቅ ብሎ ይከመር።

ስለ ዝናብ ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ልናገር። ሰዎች በረሃ ሲደርቅ ብቻ ነው ጊንጥ የሚፈሩት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 በግብፅ አስዋን አካባቢ ኃይለኛ ዝናብና በረዶ ወረደ። ጎርፉ ጊንጦችን ከጉድጓዳቸው አስወጥቶ ወደ ሰዎች ቤት ነዳቸው። ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች ተነድፈው ሕክምና አገኙ። የካምፕ ኃላፊ ከሆናችሁ የዝናብ ትንበያ ሲመጣ ስለ ጎርፍ ብቻ አታስቡ። ሰው ሁሉ ጫማ ያድርግ፣ ባትሪ ይያዝ፣ በአቅራቢያ ያለው ሆስፒታል የመርዝ ማርከሻ እንዳለው ቀድማችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ። ይህን ስልክ ከመነደፋችሁ በፊት የደወላችሁ እንደሆነ በጣም ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ጊንጥ ነድፎኝ ሆስፒታል ሄድኩ። ማስታገሻ ሰጥተው ጥቂት ሰዓት አስቀምጠው ሸኙኝ። የመርዝ ማርከሻ አልሰጡኝም። ቸል ብለውኛል? (ቅር ያለኝ አንባቢ)

መልስ፦ ከጻፍክልኝ ዝርዝር እንደማየው ቸል አላሉህም። ቦታው ላይ ብቻ ያመመው፣ ሌላ ምልክት የሌለው ጤነኛ አዋቂ ማርከሻ አያስፈልገውም። ማቆየታቸው ራሱ ሕክምና ነው፤ ምልክት ከመጣ ለማየት ነው ያስቀመጡህ።

ማርከሻው የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ፈረስን በጥቂት በጥቂቱ መርዝ በመከተብ ነው። ፈረሱ የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ተጣርቶ ለሰው ይሰጣል። ከሌላ እንስሳ የመጣ ፕሮቲን ስለሆነ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። ለአንድ አካባቢ ጊንጥ የተሠራውም ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ለሚያስፈልገው ሰው ይጠበቃል። በሚያስፈልገው ጊዜ ግን ዋጋው አይተመንም። አሜሪካ ውስጥ ለሴንትሩሮይደስ የተሠራው ማርከሻ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው የተፈቀደው፤ የተመረተው ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በጠና የታመሙ ልጆች ቀናት ሳይሆን ሰዓታት ውስጥ ሲረጋጉ ታይቷል።

ማርከሻ በሌለበትም እጅ አይሰጥም። በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ የማነሳቸው ሰው በህንድ ማሃራሽትራ ግዛት የሚሠሩት ዶክተር ሂማትራዎ ባዋስካር ናቸው። የገጠር ሐኪም ናቸው። በአካባቢያቸው ያለው ቀይ ጊንጥ የልብ ድካምና የሳንባ ውኃ እያመጣ ልጆችን ይገድል ነበር። እሳቸው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው የደም ግፊትና የልብ ምት እየመዘገቡ ነገሩን አጠኑ። ፕራዞሲን የሚባል የደም ግፊት ኪኒን ሞከሩ። በጠና ከታመሙት ወደ 40 በመቶ ይሞት የነበረው ወደ 1 በመቶ ገደማ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ማርከሻው ከኪኒኑ ጋር አብሮ ሲሰጥ ሰዎች ቶሎ እንደሚያገግሙ አሳይተዋል። ርካሽ ኪኒን፣ የገጠር ጤና ጣቢያ፣ የሚከታተል ሐኪም። ወጣት ባልደረቦቼ ይህን ታሪክ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ጊንጥ በእሳት ሲከበብ ራሱን ነድፎ ይሞታል ይባላል። እውነት ነው? ግልገሉስ ከእናቱ ይብሳል?

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም። ሙቀቱ ሰውነቱን ስለሚያኮማትረው ጅራቱ ይወራጫል፤ የሚገድለው እሳቱ ነው። የራሱ መርዝ ለእሱ እምብዛም ጉዳት የለውም። እባካችሁ ለማየት ብላችሁ አታድርጉት። ግልገልም ቢሆን መርዙ ከአዋቂው ያነሰ ነው። ትንሽ ጊንጥ ይብሳል የሚባለው አንዳንድ አደገኛ ዝርያዎች አድገውም ትንሽ ስለሆኑ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጊንጥ ምን ይጠቅማል? ሁሉንም ብንገድላቸውስ?

መልስ፦ የኔ ጎበዝ፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። ጊንጥ በረሃ ውስጥ ብዙ ነፍሳትን ይበላል፤ እሱን ደግሞ ጉጉት፣ እንሽላሊትና ሌሎች እንስሳት ይበሉታል። እናት ጊንጥ እንቁላል አትጥልም፣ ሕይወት ያላቸው ልጆች ትወልዳለች። ነጫጭ ግልገሎቿ ጀርባዋ ላይ ይወጣሉ። የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪቀይሩ ድረስ ተሸክማቸው ትዞራለች።

ከሌዩረስ መርዝ ውስጥ ደግሞ ክሎሮቶክሲን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ተገኝቷል። የአንዳንድ የአንጎል ዕጢዎች ሴል ላይ ይጣበቃል። ተመራማሪዎች ከሚያበራ ቀለም ጋር አያይዘው ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ከጤነኛው አንጎል እንዲለይ የሚረዳ ነገር ለመሥራት ሞክረዋል፤ በሰውም ላይ ተሞክሯል።

አንድ ሌላ ልንገርህ። በአሜሪካ በረሃ ጊንጥ አድና የምትበላ ትንሽ አይጥ አለች። ሴንትሩሮይደስ ፊቷን ሲነድፋት ለአፍታ ትልሰዋለች፣ ከዚያ መብላቷን ትቀጥላለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ምክንያቱን አገኘ። የሕመም መልእክት የሚያስተላልፈው የነርቧ ክፍል ትንሽ ለውጥ አለው። መርዙ እዚያ ሲጣበቅ ሕመም ከማስነሳት ይልቅ ሕመሙን ያጠፋዋል። ከዚህ ለሰው የሚሆን አዲስ ማስታገሻ እናገኝ ይሆናል ብለው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አንተም ስታድግ አንዱ ልትሆን ትችላለህ።

ስለዚህ ቤት የገባውን አስወግዱት፣ ትልቅ ሰው ይሥራው። ሜዳ ላይ ያለውን ግን ተወው። በእጅህ አትንካው፣ የሞተ ቢመስልም።

ጥያቄ፦ የነደፈውን ጊንጥ ገድለን ወደ ሆስፒታል ይዘን እንሂድ?

መልስ፦ እሱን ስታሳድዱ ሌላ ሰው እንዳይነደፍ። ፎቶ ይበቃል፤ ጅራቱና መቆንጠጫው እንዲታይ ፎቶውን ከላይ አንሱ። ቀድሞ ከሞተ በጉጠት ይዛችሁ ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ ክተቱት። ካመለጠ ይሂድ። እኛ የምናክመው የሚታየውን ምልክት ነው፤ የጊንጡን ስም ባናውቅም ሕክምናው ይጀመራል። የተነደፈበትን ሰዓት ግን ጻፉልን። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።